ጽሑፍ እንጀራ ሲሆን፦ የጦማሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፦ አንባቢ አለ፣ ገንዘብ የለም። አንዳንዶቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹን ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ይዘናል።

ስለ ጓሮ አትክልት በአማርኛ የምጽፍበት ድረ ገጽ በወር 30,000 ጊዜ ገደማ ይነበባል። የአድሴንስ (ገጽ ላይ ማስታወቂያ አስገብቶ የሚከፍለው የጉግል አገልግሎት) ማመልከቻዬ ግን ሁለት ጊዜ ውድቅ ሆነብኝ። ምን ጎደለኝ? (ከባሕር ዳር)

ምናልባት ምንም አልጎደለዎትም። አድሴንስ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ አማርኛ ደግሞ ለዓመታት ከዚያ ዝርዝር ውጭ ሆኖ ነው የኖረው። ሦስተኛ ጊዜ ከማመልከትዎ በፊት የጉግል የእገዛ ገጽ ላይ ያለውን ዝርዝር ይመልከቱ። ጽሑፉን በማሽን ወደ እንግሊዝኛ አስገልብጦ ማመልከት የተለመደ ዘዴ ነው፤ አይሞክሩት። ገጹ «ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ይዘት» ተብሎ ይመለሳል፣ የአማርኛ አንባቢዎም ግራ ይጋባል።

ቢፈቀድልዎስ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሺህ ንባብ አንድ ዶላር ያስገኛል ብለን ብንይዝ (ለምሳሌ ያህል ነው፤ አንባቢው አገር ውስጥ ከሆነ ከዚያም ሊያንስ ይችላል) 30,000 ንባብ 30 ዶላር ነው። አድሴንስ ሒሳቡ 100 ዶላር ሳይሞላ አይከፍልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ የሚያዩት ከአራተኛው ወር በኋላ ነው። ያውም ሁለት ጋሬጣ ካለፉ።

አንደኛው ፖስታ ነው። ገቢዎ 10 ዶላር ሲደርስ ባለ ስድስት አኃዝ የምስጢር ቁጥር በደብዳቤ ይላክልዎታል፤ በአራት ወር ውስጥ ካላስገቡት ማስታወቂያው ይቆማል። እኛ አገር ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። አድራሻው ላይ ቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ የሞላ ሰው ደብዳቤውን አያገኘውም። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይጻፉ፤ የራስዎ ከሌለ የመሥሪያ ቤትዎን አስፈቅደው ይጠቀሙ።

ሁለተኛው ስም ነው። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ቢያንስ በአራት መንገድ ይጻፋል። የባንክ ደብተሩ አንድ ዓይነት፣ መታወቂያው ሌላ፣ አድሴንሱ ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ የሐዋላው ገንዘብ ባንክ ላይ ይንጠለጠላል ወይም ወደ ላኪው ይመለሳል። አካውንቱን ሲከፍቱ የባንክ ደብተሩን አጠገብዎ አስቀምጠው ፊደል በፊደል ይቅዱ፤ ደብተሩ የአያት ስም ካለው እርሱንም።

በእኛ ግምት 30,000 የአማርኛ አንባቢ ያለው የጓሮ አትክልት ገጽ ከአድሴንስ ይልቅ ለችግኝ፣ ለዘርና ለጠብታ መስኖ ዕቃ ሻጮች ቢቀርብ ይሻለዋል። ሦስት ሻጭ በወር የሚከፍለው ከ30 ዶላር ይበልጣል። ወደዚያው የሚወስደን ቀጣዩ ጥያቄ ነው።

አንድ የመዋቢያ ምርቶች አስመጪ ስለ ዕቃዎቹ እንድጽፍ ጠይቆኝ «ስንት ታስከፍያለሽ?» ሲለኝ አፌ ተያዘ። ዋጋ እንዴት ይወጣል? (ከአዲስ አበባ)

ሁለት ነገር ነው የሚሸጡት፦ ሥራዎንና አንባቢዎን። ለየብቻ ያስሏቸው።

መጀመሪያ ሥራው። በወር ለመኖር 40,000 ብር ያስፈልገኛል ካሉ በ160 ሰዓት አያካፍሉት። ከዚያ ውስጥ ማንም የማይከፍልበት ብዙ ነው፦ የዘወትር ጽሑፍዎ፣ ለአስተያየት መልስ መስጠት፣ «ክፍያው ምን ደረሰ?» እያሉ መደወል። የሚሸጥ ሰዓት 100 ገደማ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ 400 ብር ነው። አንድ ጽሑፍ ምርቱን ለማየትና ለመሞከር 2፣ ለመጻፍ 4፣ ለፎቶ 1፣ ለእርማት 1፣ በድምሩ 8 ሰዓት ከወሰደ 3,200 ብር ይሆናል። ትራንስፖርትና ኢንተርኔት ይጨምሩበት። ግብሩን አይርሱ። ይህ ወለሉ ነው፤ ከዚህ በታች ከወረዱ ከኪስዎ እየከፈሉ ነው የሚጽፉት።

ቀጥሎ አንባቢው። የተከታይ ብዛት ሳይሆን ንባብ ይቁጠሩ። የመጨረሻዎቹን 20 ጽሑፎች ይያዙ፣ በጣም የተነበበውንና በጣም ያነሰውን አውጥተው የቀሩትን 18 ያማክሉ። «አንድ ጽሑፌ በአማካይ ይህን ያህል ሰው ያነበዋል» ማለት ከቻሉ ዋጋው ላይ መከራከር ይችላሉ። የንባብ ቁጥሩ የሚታይበትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተው ከፕሮፎርማው ጋር ያያይዙት።

ስምምነቱ አንድ ገጽም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። ማካተት ያለበት፦ ግማሹ ቅድመ ክፍያ፤ ነፃ እርማት ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ጽሑፉ ለስንት ወር ገጹ ላይ እንደሚቆይ፤ ፎቶዎቹን አስመጪው በራሱ ገጽ ለመጠቀም ተጨማሪ የሚከፍል መሆኑ፤ የተፎካካሪውን ምርት እንዳይጽፉ ከፈለገ ለስንት ጊዜና በምን ያህል ክፍያ። ብዙዎች የሚጎዱት በመጨረሻው ነው። «ለሌላ እንዳትሠሪ» የሚለው ቃል በነፃ ይገባና የስድስት ወር ገበያ ይዘጋል።

ከላይ «ይህ ማስታወቂያ ነው» ብለው በግልጽ ይጻፉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። አዋጁ ባይኖርም አንባቢ ደርሶበት ሲቀየም መመለሻ የለውም። «በሰባት ቀን ፊት የሚያቀላ» የሚል ጽሑፍ ሰጥተው «እንዳለ ለጥፊው» ካሉዎትም አይቀበሉ፤ ፊቱ የተቃጠለበት ሰው የሚጽፈው ለአስመጪው ሳይሆን ለእርስዎ ነው። በገንዘብ ፋንታ ሻምፖ ሊሰጥዎት የሚፈልግ ካለ ደግሞ፣ አከራይዎ ሻምፖ የሚቀበሉ ከሆነ ይስማሙ።

የቴሌግራም ቻናሌ 18,000 አባል አለው፤ ማስታወቂያ ያሠሩኝ ሁለት ድርጅቶች ግን አልተመለሱም። (ከአዳማ)

በላኩልን ምስል ላይ አንድ ፖስት 900 ሰው ነው ያየው። ይህ ከአባላቱ 5 በመቶ ነው። አባል ተገዝቶ ነበር ብለን እንገምታለን፤ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ አባል መግዛት አይደለም። ባዶ አካውንቶቹን ማስወጣት አድካሚ ነው፣ ግን 4,000 አባል ኖሮት 1,500 ሰው የሚያየው ቻናል ከእርስዎ የተሻለ ይሸጣል። እስከዚያው ዋጋዎን በ900 ያስሉ፤ ለደንበኛም ቁጥሩን አስቀድመው ይንገሩት። ፖስቱ ለስንት ሰዓት ከላይ ብቻውን እንደሚቆይ፣ ለስንት ሰዓት ሳይጠፋ እንደሚቆይና ፒን መደረግ አለመደረጉን ለይተው ዋጋ ያውጡ።

ቴሌግራም ራሱ ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1,000 በላይ አባል ላላቸው ይፋዊ ቻናሎች ከማስታወቂያ ገቢው 50 በመቶ ያካፍላል። ክፍያው ግን ቶንኮይን በሚባል ክሪፕቶ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት አገር ውስጥ ሕገ ወጥ መሆኑን አሳውቋል። የወር በጀትዎን በእርሱ ላይ አይሥሩ።

ከዩቲዩብ ተመልካቾቼ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሜሪካ ናቸው። ገቢዬ ላይ «የአሜሪካ ግብር» ተብሎ ይቆረጣል። ስህተት ነው? (ከአዲስ አበባ)

ስህተት አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ጉግል ከአሜሪካ ተመልካቾች ከተገኘው ገቢ ላይ ለአሜሪካ መንግሥት ግብር ይቀንሳል። ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ያላቸው አገሮች ዝቅ ያለ መጣኔ ያገኛሉ፤ ኢትዮጵያ ስለሌላት 30 በመቶ ነው። የወሩ ገቢ 200 ዶላር ሆኖ 120ው ከአሜሪካ ቢሆን የሚቀነሰው 36 ዶላር ነው። ደብልዩ-8ቤን (W-8BEN) የሚባለውን የግብር ቅጽ ካልሞሉ ግን ከጠቅላላው 200 ላይ እስከ 24 በመቶ፣ ማለትም 48 ዶላር ሊሄድ ይችላል። ቅጹ አድሴንስ ውስጥ በክፍያ ቅንብር ሥር ይገኛል። ዕድሜው ሲያልቅ እንደገና ይሞላል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

«የጾም ሽሮ አሠራር» ብዬ የጻፍኩት ጉግል ላይ አይገኝም። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ደግሞ ማለቂያ የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል። (ከደሴ)

ከሊንኩ እንጀምር። አንድ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። የእርስዎ ርዕስ ዘጠኝ ፊደል አለው፤ 81 ምልክት ሆነ ማለት ነው። ጽሑፉን ከማውጣትዎ በፊት የሊንኩን ክፍል በላቲን ፊደል፣ በሁለት ወይም በሦስት አጭር ቃል ይጻፉት። ትርፍም አለው፦ አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ የሚፈልግ ብዙ ሰው አለ፤ ሊንኩ ለእርሱ ይናገራል። ቀድሞ የወጣ ጽሑፍ ሊንክ ሲቀይሩ ግን አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲመራ ያድርጉ፤ አለዚያ ቀድሞ ያጋሩት ሰዎች ባዶ ገጽ ይከፍታሉ።

ጉግል ላይ ላለመገኘቱ ደግሞ ሌላው ጣጣ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «አሠራር» ብሎ የሚፈልግ አለ፣ «አሰራር» ብሎም። «ጾም»ም «ፆም»ም ይባላል። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰርች ኮንሶል (ሰው ምን ብሎ ፈልጎ ወደ ገጽዎ እንደመጣ የሚያሳየው የጉግል መሣሪያ) ከፍተው አንባቢዎች በየትኛው ፊደል ተይበው እንደመጡ ይዩ፣ የበዛውን ርዕስ ላይ ያውሉ፣ ሌላውን በፎቶው መግለጫ አንድ ጊዜ ያስገቡ። ጽሑፉን በሁለቱም እያዘበራረቁ መጻፍ ግን አያስፈልግም፤ ያስጠላል።

ጊዜውንም ያስቡበት። የጾም ምግብ ጽሑፍ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ቢወጣ ጉግል እስኪያገኘው ወረቱ ያልፋል። ስድስት ሳምንት አስቀድመው ያውጡት።

ጽሑፌን አንድ የፌስቡክ ገጽ ስሜን አጥፍቶ ለጠፈው። ስላላስመዘገብኩት መብት የለኝም አሉኝ። (ከጎንደር)

መብት አለዎት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የሚጠበቀው አገላለጹ እንጂ ሐሳቡ ወይም ዜናው እንዳልሆነ ግን ይወቁ፤ ያንኑ መረጃ በራሱ ቃል የጻፈን ሰው መክሰስ አይችሉም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቀኑ እንዲታይ አድርገው ገጹን ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ ለገጹ በጨዋ ቋንቋ ጽፈው ሁለት ቀን ይስጡት፤ ካልሆነ በፌስቡክ የቅጂ መብት ቅጽ የሁለቱንም ሊንክ አያይዘው ያመልክቱ። ፎቶ ሳያነሱ መሳደብ የጀመረ ሰው ልጥፉ ሲጠፋበት ማስረጃም አብሮ ይጠፋበታል።

ድርጅቱ የተስማማንበትን 20,000 ብር ሲከፍለኝ 6,000 ቆርጦ 14,000 ሰጠኝ። ተጭበረበርኩ? (ከሐዋሳ)

አይመስልም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) እና የንግድ ፈቃድ ካላቀረበ አገልግሎት ሰጪ ላይ ከፋዩ 30 በመቶ እንዲቀንስ ያዝዛል። ሁለቱን ቢያቀርቡ ኖሮ የሚቆረጠው ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከዓመቱ ግብርዎ ላይ ይታሰብልዎታል። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ ሒሳብ ሹሙ ከተቀየረ ማግኘቱ ከባድ ነው። ቲን ቁጥር ለማውጣት ትልቅ ደንበኛ እስኪመጣ አይጠብቁ።

ዱባይ ተቀጥሬ እሠራለሁ። በቲክቶክና በጽሑፍ ገጼ የሐበሻ ሱቆችን በክፍያ አስተዋውቃለሁ። ችግር አለው?

አለው። ኤምሬትስ በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ለሚሠሩ ሰዎች ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የሥራ ቪዛዎ ለተቀጠሩበት ሥራ ብቻ ነው። ሳውዲ ያሉ እህቶችና ወንድሞችም ይህን ቢያነቡ ጥሩ ነው፤ እዚያ «መውሱቅ» የሚባል ፈቃድ አለ፣ ያለፈቃድ ማስታወቂያ የሚሠራ የውጭ ዜጋ የሚጠብቀው ቅጣት ከባድ ነው። «ሁሉም ይሠራል» የሚለው እስኪከሰሱ ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ማስታወቂያውን ያቁሙ፤ ማስታወቂያ ያልሆነውን መጻፍ ይቀጥሉ።

ሜሪላንድ ነኝ፤ ከጦማሬ በዓመት 3,000 ዶላር ገደማ አገኛለሁ። ይህም ግብር አለው?

አለው። ከወጪ የተጣራው የግል ሥራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ መታወቅ አለበት፤ ከገቢ ግብሩ ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ግብር ይመጣል። የድረ ገጽ ኪራይ፣ የካሜራና የመሳሰሉትን ደረሰኞች ይያዙ፤ ከገቢው የሚቀነሱት እነርሱ ናቸው። ኤች-1ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ካሉ ግን ግብሩን ከማሰብዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ፤ ያ ቪዛ ከአሠሪዎ ውጭ ሠርቶ ገቢ ማግኘትን አይፈቅድም።

መደበኛ ሥራዬን ትቼ ሙሉ በሙሉ ልጻፍ ብዬ አስቤያለሁ። ያለፈው ወር 35,000 ብር አስገብቻለሁ። (ከአዲስ አበባ)

ያለፈው ወር የትኛው ወር ነበር? ነሐሴ ከሆነ አይቁጠሩት፤ ለእንቁጣጣሽ ሁሉም ያስተዋውቃል። ታኅሣሥና ከፋሲካ በፊት ያሉት ሳምንታትም እንዲሁ ያታልላሉ። የመሥሪያ ቤቶችና የብዙ ድርጅቶች በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ ላይ የአዲሱ ዓመት በጀት እስኪለቀቅ ስልክዎ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የ12 ወር ገቢዎን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፣ ዝቅተኛ የሆኑትን ሦስት ወራት ይምረጡና የእነርሱ አማካይ የቤት ኪራይዎንና አስቤዛዎን ይሸፍን እንደሆነ ይዩ። ከገቢው ከ40 በመቶ በላይ ከአንድ ደንበኛ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያ ሰው ሲሄድ ምን እንደሚተርፍዎ ለይተው ያስሉ። በእጅዎ የስድስት ወር ወጪ ከሌለ አሁን አይልቀቁ፤ ለአሠሪዎ ግማሽ ቀን የሚያሠራ ውል ይጠይቁት። የሥራ ውልዎንም ያንብቡ፦ በቅጂ መብት አዋጁ (410/1996) ተቀጣሪ በሥራው ግዴታ የፈጠረው ጽሑፍ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። በቢሮ ኮምፒውተር የጻፏቸውን ረቂቆች ከመልቀቂያ ደብዳቤው በፊት ይለዩ።