መልስ፦ በ3-2 ፕሮግራም ኢንጂነሪንግ ያዋጣል ወይ?

እህቴ፣ ልጅሽ አሜሪካ ውስጥ ስኮላርሺፕ የሰጣት ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ (ብዙ ዓይነት ትምህርት የሚሰጥ፣ ኢንጂነሪንግ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌለው) ገብታ በ«3-2» መንገድ ኢንጂነር መሆን ትችል እንደሆነ ጠይቀሻል። ትችላለች። ሦስት ዓመት እዚያ ፊዚክስ ወይም ሒሳብ፣ ሁለት ዓመት አጋር ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ትማርና ሁለት ዲግሪ ይዛ ትወጣለች። ኒው ዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ሴንት ሉዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አላቸው። አትላንታ ውስጥ ስፔልማንና ሞርሃውስ የሚባሉት ኮሌጆች እዚያው ካለው ከጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራሉ።

ብሩ ላይ ግን ቆም በይ። የመጀመሪያው ኮሌጅ ስኮላርሺፕ አብዛኛውን ጊዜ ተከትሏት አይሄድም። የመጨረሻው ሁለት ዓመት ክፍያም እርዳታም በአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ደንብ ነው። ኮሌጁን በኢሜይል ጠይቂ፦ ስንት ልጆች ጀመሩ፣ ስንቱስ ተሻገሩ? መልሱ ከተድበሰበሰ ነገሩ ገብቶሻል ማለት ነው። ብሮሹር ላይማ ሁሉም ያምራል!

ካልኩለስን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ትጀምር። ካልሆነ ከካልኩለስ በኋላ የሚመጣው የሒሳብ ኮርስ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ጋ ሳትደርስ ሦስቱ ዓመት ያልቃል።

ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ጓደኛን ጥሎ መሄድ ቀላል አይደለም። ለዚህ ዳርትማዝ የሚባለው ሌላ አጋር ኮሌጅ አካሄድ ደስ ይለኛል። ተማሪዎቹ ሦስተኛውን ዓመት ዳርትማዝ ተምረው ለአራተኛው ወደ መጀመሪያው ኮሌጃቸው ይመለሳሉ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ይመረቃሉ፣ ለአምስተኛው እንደገና ዳርትማዝ።

ልቧ ከአሁኑ ኢንጂነሪንግ ብቻ ላይ ከሆነ ግን፣ እኔ ብሆን የምትኖሩበትን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዋጋ መጀመሪያ አያለሁ። አራት ዓመት ነው፣ መሸጋገር የሚባል ጣጣም የለውም።