ልብን ማላቀቅና ርኅራኄ
ወንድማችን «ቡድሂዝም ልባችሁን ከሁሉም ነገር አላቅቁ የሚል ከሆነ ርኅራኄ የሚሉት ምን ትርጉም አለው?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ በኑሮ ያየሁትን ልንገርህ።

ቤይሩት በሰው ቤት ስሠራ ከአንዲት ቡድሂስት የስሪላንካ ሴት ጋር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «አካ» እላት ነበር፤ በሲንሃላ እትዬ ማለት ነው። የምንግባባው በተሰባበረ ዐረብኛ ነው። የእናቴ መርዶ በስልክ የደረሰኝ ሌሊት ደረቴን እየደቃሁ ሳለቅስ እሷ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። ለቅሶ ቤት ሁሉም አብሮ በሚያነባበት አገር አድጌያለሁና ልቧ ድንጋይ መሰለኝ። ውሃ አሙቃ ፊቴንና እግሬን አጠበችኝ። ስነቃ የእኔን ድርሻ ልብስ በሙሉ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ደርድራዋለች። ሦስት ቀን እንዲሁ አደረገች።

ቆይቼ ስጠይቃት፣ «ካሩና» (ርኅራኄ) ሌላው ከሥቃዩ እንዲወጣ መመኘትና እጅን መዘርጋት ነው፤ አብሮ መስጠም ማንንም አያወጣም አለችኝ። (ቃሉ ከሲንሃላ ተናጋሪዎች አፍ አይጠፋም፤ «እባክህ» ለማለት እንኳ «ካሩናካራ» ይላሉ።) በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስሪላንካ የጻፈው የቡድሂዝም ሊቅ ቡድሃጎሳም የርኅራኄ የሩቅ ጠላቱ ጭካኔ፣ የቅርብ ጠላቱ ደግሞ ርኅራኄን የሚመስለው ሐዘን ነው ይላል። እኔ እንደገባኝ የሚላቀቁት «የእኔ» ከማለት ነው፤ ከሰው አይደለም።

አካ ማታ ማታ ቁጭ ብላ በመጀመሪያ አንድ የተቸገረ ሰው፣ ቀጥሎ የምትወደውን፣ ከዚያ የማታውቀውን፣ በመጨረሻ የሦስት ወር ደመወዟን የያዘችባትን ማዳም እያሰበች «ከሥቃይ ትውጣ» ትል ነበር። ይህ በጣም አናደደኝ። ጠዋት ግን ያንኑ ደመወዟን ፊት ለፊት ትጠይቃታለች፤ አንድም ወር ዝም አላለችም። ርኅራኄ አንገት መድፋት የሚመስላቸው ይህን ቢያዩ ደስ ባለኝ።

አንድ ቀን ልብስ እየተኮሰች የነገረችኝን ታሪክ ላካፍልህ። አንድ መነኩሴ በተቅማጥ ታሞ፣ በገዛ ቆሻሻው ላይ ወድቆ፣ ጓደኞቹ ትተውት ነበር። ቡድሃ ውሃ እያፈሰሰ ደቀ መዝሙሩ አናንዳ አጠበው፤ አንዱ በራሱ፣ አንዱ በእግሩ በኩል ይዘው አልጋ ላይ አስተኙት። ከዚያ ቡድሃ መነኮሳቱን ሰብስቦ፣ የሚያስታምማችሁ እናትም አባትም የላችሁም፤ እርስ በርሳችሁ ካልተሳሰባችሁ ማን ያስታምማችኋል? አላቸው።

ይህን ስትነግረኝ የእናቴ አርባ ገና አልወጣም ነበር።