ድምፄ ከሳሳ ማኅሌቱን ልተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በማኅሌት አገልግያለሁ። አሁን ሐኪም ፓርኪንሰን ነው አለኝ። የእጄን መንቀጥቀጥ ለምጄዋለሁ፤ የከበደኝ ድምፄ ነው። እኔ ጮክ ብዬ ያዜምሁ ይመስለኛል፤ ጎኔ ያሉት ግን «አልሰማንህም» ይላሉ። አንዱማ «እምነትህ ስለቀዘቀዘ ነው» አለኝ። ማኅሌቱን ልተው? ጸበል ስጠመቅስ ክኒኑን ላቁም?

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ማኅሌቱን አይተዉ።

ስለ እምነትዎ የተናገረው ሰው ተሳስቷል። ካህኑ ዔሊም ተሳስቶ ነበር። ሐና ስትጸልይ ድምፅ ሳይሰማ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሰከረች መሰለችው (1ኛ ሳሙ. 1፥13)። ጸሎቷ ግን ተሰምቶ ሳሙኤልን ወለደች።

የእርስዎስ ከሕመሙ ነው። እንቅስቃሴን የሚያቀናው ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ሲያንስ የደረትና የጉሮሮ ጡንቻም እንደ ልብ አይታዘዝም። ትንፋሽ ያጥራል፣ ድምፅ ይሳሳል፣ ከፍና ዝቅ ማለቱም ይቀንሳል። ክፋቱ ደግሞ ሰውየው የገዛ ድምፁን ልክ ይስታል። ስለዚህ ጎንዎ ያሉትን ይመኑ። «ኧረ በዛ፣ ጮህሁ» እስኪሉ ድረስ ያውጡት፤ ለሌላው ያኔ ነው ልክ የሚሆነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎችም የሚያሠለጥኑት እንዲሁ ነው። ባለሙያው በየአጥቢያችን አይገኝም፤ ዳዊት ግን በእጅዎ አለ። መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በየሐረጉ ትንፋሽ እየሳቡ፣ ጮክ ብለው ይድገሙ። ዜማ በሽታውን አያድንም፤ ትንፋሽንና ድምፅን ግን ያሠራል። ከበሮውም ቢሆን ይጠቅማል። እግራቸው ከመሬት አልነሣ የሚላቸው ብዙ ሕሙማን ምት ሲሰሙ መራመድ ይቀላቸዋል። ወረብ ላይ ሲዞሩ ግን ይጠንቀቁ፣ መውደቅ አለ።

ክኒኑን እንዳያቆሙ! በድንገት ማቋረጥ ሰውነትን ግትር ያደርጋል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ያገኙታል። በጾም ሰዓት ስለሚውጡት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይቀልላል። ውሃ ሲጠጡ ትን የሚልዎ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ጸበሉንም ቀስ እያሉ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ።

መምራቱ ከከበደዎ ለሌላ ሰጥተው ከተቀባዮቹ ጋር ቢቆሙ ነውር የለውም። ለመሪጌታው አስቀድመው ይንገሩት።