ሒሳብ ምኑ ላይ ነው የሚያምረው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። የምኖረው ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ነው። ልጆቼን የማሳድገው ሰፌድና መሶብ እየሰፋሁ ነው። ትልቋ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። በቀደም የሒሳብ አስተማሪያቸው «ሒሳብ ውበት አለው» ብሏቸው ቤት መጥታ «እማ፣ ምኑ ላይ ነው የሚያምረው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እኔ ትምህርቴን ከ6ኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሒሳብ አልገባኝ ብሎ ነው፤ እስከ ዛሬም ለእኔ ሒሳብ ማለት ገበያ ላይ መልስ መቁጠር ነው። እውነት ውበት አለው? ወይስ ልጆቹን ለማበረታታት ያህል ነው? አስጠኚስ ልቅጠርላት?

መልስ፦ እውነት አለው፣ እህቴ። እርስዎማ በጣትዎ ያውቁታል።

ሰፌድ ሲጀምሩ መሃሏ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ከዚያ ዙር በዙር እየጨመሩ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይረዝማል፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው። በምን ያህል? የዙሩ ውፍረት ግማሽ ሳንቲሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው በ3.14 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ሰፌዱ ገና መዳፍ ሲያክል ጭማሪው 3.14 ነው፤ እቅፍ ሙሉ ሲሆንም ያው 3.14 ነው። ከዚህ አሳጥረው ካጠበቁት ጠርዙ ሽቅብ እየተነሳ ጎድጓዳ ይሆናል፤ ሙዳይ ሲሰፉ ሆን ብለው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። አስረዝመው ልል ካደረጉት ደግሞ ይወላገዳል። ሰፌድ ዝርግ ሆኖ የሚወጣው በዚያች ልክ ብቻ ነው።

እኔ ይህን ያየሁት 28 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ታላቅ እህቴ በረንዳ ላይ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጬ «ሰፌዱ እየሰፋ በሄደ ቁጥር በየዙሩ የምትጨምሪው እየበዛ ይሄዳል?» አልኳት። ከስፌቷ ቀና ሳትል «ያው ነው፤ ሁሌም ያው ነው» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የክብ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ፓይ (3.14 ገደማ) ጊዜ ሬዲየስ (ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት) ነው እያልኩ ስንቱን ልጅ አሸምድጃለሁ! ሬዲየሱ ላይ ግማሽ ሳንቲሜትር ሲጨመር፣ ዙሪያው ላይ የሚጨመረው ክቡ ትንሽ ይሁን ትልቅ እንደማይለይ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰፌድ ይዤ ገብቼ አላሳየኋቸውም። ይቆጨኛል።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት። መሶቡን በገመድ ልክክ አድርጋ ትዙረው፤ ከዚያ ገመዱ ላይ 1 ሜትር ትቀጥልበትና መሬት ላይ በክብ ዘርግታ መሶቡን መሃል ታስቀምጠው። በገመዱና በመሶቡ መካከል ዙሪያውን 16 ሳንቲሜትር ገደማ ክፍተት ታገኛለች። አሁን ይጠይቋት፦ ምድርን በወገቧ የሚዞር ገመድ ቢኖርስ? ርዝመቱ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱም ላይ 1 ሜትር ብቻ ቢቀጠልና ዙሪያውን እኩል ከፍ ቢል፣ ከመሬት ምን ያህል ይነሳል? ምንም አይነሳም ትል ይሆናል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ነበር ያልኩት። መልሱ ግን አሁንም 16 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ድመት ተሽሎክልካ ታልፍበታለች። የእርስዎ መሶብና ምድር በአንድ ሕግ ሲገዙ እያዩ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል?

ሌላም ልጨምርልዎ፤ ይኼኛው ከባሕረ ሐሳብ፣ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትና በዓላትን ከምታወጣበት ስሌት ነው። ዓመቱ 2018 ዓ.ም. ቢሆን፣ 2018 ላይ 5500 ደምራ 7518ን ለ19 ታካፍል። 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝታ ሠላሳ ሠላሳውን ስትገድፍ (ስትቀንስ) አበቅቴ የሚባለው 12 ይቀራል። ያንኑ ወንበር በ19 አባዝታ ሠላሳ ሠላሳውን ስትገድፍ ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 18 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30። የ2017ን ትሞክር፦ 1 እና 29፤ ደግሞ 30። ለምን እንደሆነ አይንገሯት። 11 እና 19ን ራሷ ደምራ ዓይኗ ሲበራ ማየት አለብዎት።

አስጠኚውን ለጊዜው ያቆዩት። የማባዛት ሰንጠረዡ ከጠፋባት እሱን ማታ ማታ አብራችሁ በቃላችሁ በሉት። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ወስፌ ያስይዟትና አጠገብዎ ትቀመጥ፤ እያንዳንዱን ዙር በክር እየለካች ደብተሯ ላይ ትጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ቢዘበራረቁባት አትደንግጥ፤ ክሩ ላልቶባት ይሆናል፣ ወጥራ ደግማ ትለካ።