ደርሶ መልስ በባቡርና በእግር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ሚኒባስ በግማሽ ወንበር ሲጭን፣ የሚደርሱን ጥያቄዎች ስለ ሳሙናና ስለ ጭምብል ነበሩ። ገደቡ ከላላ ወዲህ ግን አንባቢ የሚጠይቀን ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ስለሚገባበት መንገድ ነው። ለዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ዙሪያ የመጡትን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የባቡር ጣቢያው ከከተማችን ዳር ተሠርቶ ቆሟል፤ ልጆቼ ግን ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። ከኮምቦልቻ ተነስተን በዕለቱ የምንመለስበት ጉዞ አለ? ከሌለ ሐዲዱን ይዘን በእግር ብንሄድስ? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለጊዜው የለም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 392 ኪሎ ሜትር ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ሐዲዱ ቢነጠፍም መንገደኛ ማመላለስ አልጀመረም። መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ ኃይል፣ የምልክት ሥርዓትና የሠለጠነ ሠራተኛ ካልተሟሉለት የተነጠፈው ሐዲድ ብቻውን ባቡር አያስኬድም።

ልጆቹን የግድ ባቡር ላሳፍር ካሉ ያለው አማራጭ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ነው፤ 752 ኪሎ ሜትር ሲሆን መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውቶቡስ 376 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መንገዱ ብቻውን ቀኑን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ሲሄዱ አንድ ቀን ይጨምሩበት። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተሳፍረው አዳማ ይውረዱ፤ ለልጅ ይበቃል። መመለሻውን በሚኒባስ ያድርጉት፤ በዚያው ቀን የሚመለስ ባቡር አለ ብሎ መተማመን ብዙ ሰው አስጉላልቷል። የጉዞው ሰሌዳ ስለሚለዋወጥ ከአንድ ቀን በፊት ጣቢያው ድረስ ሄዶ ወይም ደውሎ ማረጋገጥ፣ ትኬቱንም መታወቂያ ይዞ መቁረጥ ነው። አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ብለው ስለተሠሩ የታክሲና የባጃጅ ገንዘብ በሁለቱም ጫፍ ይያዝ።

ሐዲዱን ይዞ መሄዱን ግን ይተዉት። ሐዲዱን የሚሸከሙት የኮንክሪት አግዳሚዎች በ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት የተደረደሩ ናቸው፤ የአዋቂ እርምጃ ደግሞ 70 እና ከዚያ በላይ ነው። አንዱን አግዳሚ ሲረግጡ ቀጣዩን ይስታሉ፤ እግርም ጠጠሩ ላይ እያረፈ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። በዚህ ላይ ዋሻ አለ፤ ግራና ቀኙ ጠባብ ነው። ከላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ "ኃይል የለውም" የሚለውን ወሬ አምኖ ረጅም እንጨት ወይም ብረት ማንሳት አይገባም። ጣቢያውን ለማሳየት ከውጭ ቆመው ያሳዩ፤ ለእግር ጉዞው ከሐዲዱ ራቅ ያለውን የገበሬ መንገድ ይያዙ፤ መሻገሪያውም በድልድዩ ሥር ይሁን።

ጥያቄ፦ ኮሮና ከያዘኝ ወዲህ ከፒያሳ ሸዋ በር መውጣት እንኳ ቁና ቁና ያስተነፍሰኛል። ድሮ ጦሳን በአንድ እስትንፋስ ነበር የምወጣው። እንደገና ልጀምር ብል ከየት ልነሳ? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ፤ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ደረትዎን የሚወጋዎት፣ ልብዎ ያለ ሥራ የሚደልቅ ወይም ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ ተራራው ይቆይና ሐኪም ይይዎት። ሌላም ምልክት አለ፦ በተራመዱበት ቀን ደህና ሆነው በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ከአልጋ መነሳት የሚያቅትዎ ከሆነ በጉልበት መግፋት ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ አያጠነክርዎትም። እንዲህ ያለው ሰው ጉዞውን ማሳጠር እንጂ ማስረዘም የለበትም።

ከዚህ ነፃ ከሆኑ ሜዳ ላይ ይጀምሩ። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ስለዚህ መድከምዎ ሁሉ የበሽታው አይደለም። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ግማሽ ሰዓት በደልዳላ መንገድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ዐሥር ደቂቃ እየጨመሩ ይሂዱ። መለኪያው ወሬ ነው፦ እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ቃል በቃል የሚቆራርጡ ከሆነ ቀንሱ ማለት ነው። ዳገት ላይ ደሴዎች የሚያበላሹት ይህችን ነው፤ ጓደኛ ፊት ላለመሸነፍ መጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ይሮጡና ከወገቡ ላይ ይቀመጣሉ።

ስለ ሰዓቱ፦ በደልዳላ መንገድ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። ከሰፈርዎ እስከ ጦሳ አናት መንገዱን 5 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱን 500 ሜትር ብንለው፣ ርቀቱ 1 ሰዓት ከሩብ፣ ዳገቱ ከ50 እስከ 75 ደቂቃ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሉት አይሳሳቱም። መውረጃው ሰዓት ተኩል፣ ዕረፍቱ አንድ ሰዓት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የወጣ ሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ቤቱ ነው። በበልግና በክረምት ይህ ሰዓት ትርፍ አይደለም፤ ደመናው ከእኩለ ቀን በኋላ ስለሚከብድ መብረቅ አናቱ ላይ የሚያገኘው ዘግይቶ የወጣውን ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ከአናቱ ወርዶ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ርቆ መቆየት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ችግሩ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ያንሸራትታል።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ለዚህ መንገድ 2 ሊትር ከቤት ይያዙ። ለምግብ ቆሎና በሶ የሚያክል የለም፤ አይበላሽም፣ አይከብድም። በሶውን ከላይ ሲደርሱ ነው በውሃ የሚበጠብጡት፤ ከቤት በጥብጠው የያዙት እኩለ ቀን ሳይደርስ ይኮመጥጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2014 ዓ.ም. በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ውጊያ ስለነበረ፣ ጦሳም ሆነ በስተምሥራቅ ያለው አዝዋ ገደል ሲወጡ ሰው በየቀኑ ከሚረግጠው መንገድ አይውጡ፤ ምሽግ ውስጥ አይግቡ፤ ወድቆ ያገኙትን ብረት አይንኩ፤ ልጅም አያስነኩ። ከመውጣትዎ በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ ሰላሙ መጠየቅ ደግሞ የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ስወጣ ደህና እሆንና ስወርድ የአውራ ጣቴ ጥፍር ይጠቁራል። ጫማዬ ከቦንዳ የገዛሁት የተራራ ጫማ ነው፤ ጠንካራ ይመስላል። (ከደሴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጥፍሩ የጫማውን ግንባር ሺህ ጊዜ ይመታል፤ ከሥሩ ደም ይቋጥራል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልኩ፦ በወፍራም ካልሲ ሆነው እግርዎን እስከ ጫፍ ሲገፉ ከተረከዝ በኩል አንድ ጣት መግባት አለበት። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለካ። ሁለተኛ፣ አስተሳሰሩ፦ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ያድርሱ፤ በዚያው ጎን ባሉት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ትንሽ ቀለበት ይተዉ፤ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈው ወደ ታች ይሳቡ፤ ከዚያ ይቋጩ። ተረከዝ ከቦታው አይነሳም፤ ጣትም ወደ ፊት አይሄድም። ዳገቱን ላላ አድርገው ወጥተው፣ መውረድ ከመጀመርዎ በፊት ቁጭ ብለው እንደገና ይሰሩት። ጥፍር ደግሞ ከጉዞው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። ሲወርዱ እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ፤ ከዘራ ካለም ጥሩ ነው።

የቦንዳው ጫማ ሌላ ጉዳይ አለው። ቆዳው ደህና ሆኖ ሶሉ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ለስላሳው የሶል ክፍል ለዓመታት ተቀምጦ እርጥበት ሲበላው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ሲላቀቅ ሌላው በዚያው ቀን ይከተላል። ከመግዛትዎ በፊት ጫማውን ከመሀሉ አጥፈው ጎኑን ይዩ፤ ስንጥቅ ወይም ዱቄት ካለ ይለፉት። ሶሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ሰርጎ የሚቀር ከሆነም እንዲሁ። የገዙትን አንድ ሳምንት ከተማ ውስጥ ይርገጡት፤ በቦርሳም ሁለት ሜትር ገመድ ይያዙ፤ የተላቀቀ ሶል ከጫማው ጋር ታስሮ ቤት ያደርሳል።

ጥያቄ፦ እናቴንና እህቶቼን ይዤ ሐይቅ እስጢፋኖስ መሄድ እፈልጋለሁ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። (ከደሴ)

መልስ፦ ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ይህን እዚያ ደርሰው ከሚያዝኑ ከቤት ይወቁት። እናትዎን ይዘው ሐይቁ ዳር ማረፍ ግን ይችላሉ። ከደሴ ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአስፋልቱ እስከ ውሃው ደግሞ ለእናትዎ ባጃጅ ይያዙላቸው፤ እናንተ በእግር ተከተሉ። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ስለሚጨምር ዋና የማይችል ልጅ ለብቻው አይለቀቅ። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ሣር የወረሰው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ እግር ነክሮ መቀመጥም አይመከርም። ጠብሶ የሚያቀርብ ካገኙ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እዚያው ትኩሱን ይበላል።

ወንዶቹ ገዳሙን ለመሳለም ከገባችሁ ነጠላ ያዙ፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት አባቶችን አስፈቅዱ። መመለሻው ከቀኑ 10 ሰዓት አይለፍ። ከዚያ በኋላ መኪናው ስለሚጠፋ ሳይሆን ተሳፋሪ እስኪሞላ ስለሚቆም፣ ሲሞላም ትርፍ ስለሚጭን ጉልበታቸው የሚያማቸው እናት ተጨናንቀው መቀመጣቸው ነው። ጠዋት የከፈሉትን ታሪፍ ያስታውሱ፤ ማታ ረዳቱ ሌላ ቢጠራ በእሱ ይከራከራሉ። መስኮት ዳር መቀመጥና መስኮቱን ከፈት ማድረግ ከኮሮና ጊዜ የቀረን ጥሩ ልማድ ነው፤ "ብርድ ገባ" የሚል ካለ ወደ ኋላ ወንበር ይጋብዙት።

ጥያቄ፦ ባቲን በየትኛው ቀን ብሄድ ይሻላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሰኞ። ገበያው የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአማራው መገናኛ ነው፤ የግመሉ ተራ ብቻውን መንገዱን ያስረሳል። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቆላ እየሆነ ስለሚሄድ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ማለትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ቢገኙ ይመረጣል። በእግር የሚዞሩበት ስለሆነ ባርኔጣና ውሃ ያስፈልጋል። ሰውንም ግመሉንም ፎቶ ሲያነሱ ባለቤቱን ይጠይቁ። ገበያው ሲፈታ ሁሉም አንዴ መናኸሪያ ስለሚጎርፍ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መነሳት ነው፤ ያመለጠው ወደ ኮምቦልቻ ለሚመለስ ጭነት መኪና እጁን ሲያውለበልብ ይመሻል። አስፋልቱን ተከትለው ጥቂት መራመድ ካሰቡ ደግሞ በግራ በኩል፣ መኪናው ፊት ለፊት እየታየዎት ይሂዱ፤ ወደ ሚሌ የሚወርደውና ከዚያ የሚመጣው ከባድ መኪና ጥምዝ ላይ ጠርዙን ጠቅልሎ ይይዛል።