ኩላሊት ነው ወይስ ዲስክ? ስለ ወንድምሽ ወገብ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ 34 ዓመቱ ነው፣ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል፣ ወገቡን ከያዘው 3 ሳምንት ሆኖታል፣ ሕመሙ ወደ ግራ እግሩ ይወርዳል። ጎረቤት «ኩላሊት ነው» ይላል፣ ጓደኞቹ ደግሞ «ዲስክ ነው፣ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ፎቶ) ተነሣ» ይሉታል። ሁለቱም ቸኩለዋል።

ከሁሉ በፊት ዛሬ ማታ ሳታፍሪ ጠይቂው። ሽንቱ አልወጣ ብሎታል ወይስ ሳያውቀው ያመልጠዋል? በብልቱና በፊንጢጣው ዙሪያ፣ ፈረስ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ ደንዝዞታል? ሁለቱም እግሮቹ ዝለዋል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለሽ ማንበቡን ተይውና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ፤ ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የቀረበሽ ጋ። የታችኞቹ ነርቮች አንድ ላይ ታንቀው ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በሰዓታት የሚለካ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ወደ ኩላሊቱ እንምጣ። እኛ ዘንድ ከጎድን በታች ያመመ ሁሉ ኩላሊት ይባላል። ኩላሊት ግን ሰው ከሚጠቁመው ቦታ ከፍ ይላል፤ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ፣ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ነው። ጠጠር ሲሆን ሕመሙ እየመጣ ይሄዳል፣ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሽንት ሊቀላ ይችላል፤ ሰውየው ቢተኛም ቢነሣም ስለማይሻለው ይንቆራጠጣል። ኢንፌክሽን ሲሆን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አለ፣ ብዙ ጊዜም ሽንት ያቃጥላል። የወንድምሽ ግን ሲያጎነብስና ሲቀመጥ ይብሳል፣ ሲራመድ ቀለል ይላል ብለሻል። በእንቅስቃሴ የሚለዋወጥ ሕመም በአብዛኛው ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያ ወይም ከዲስክ ነው የሚመጣው። የሽንት ምርመራ ርካሽ ስለሆነ ጥርጣሬውን ለማጥፋት ማሠራቱ አይከፋም።

ዲስክ «ተንሸራተተ» የሚለው አባባል ራሱ ሰው ያስደነግጣል። ዲስክ እንደ ሳሙና ተንሸራቶ አይወጣም። የወገብ አጥንቶች 5 ናቸው፤ በየመካከላቸው ውጩ ጠንካራ ቀለበት፣ ውስጡ ዝልግልግ የሆነ ትራስ አለ። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ወደ ኋላ ይገፋና አጠገቡ የሚያልፈውን የነርቭ ሥር ይነካል፣ ያስቆጣዋልም። በአብዛኛው የሚጎዱት የታችኞቹ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ነው የተጎዳው ወገብ ሆኖ ሳለ የሚጮኸው ባትና እግር የሚሆነው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክሩት። ጠንካራ ቦታ ላይ በጀርባው ይተኛ። አንቺ ተረከዙን ይዘሽ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩን ቀስ አድርገሽ አንሺ። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ከጉልበት በታች ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ የሚወርድ ሕመም ከመጣ የነርቭ ሥር ሳይነካ አይቀርም። ከጭኑ በስተኋላ መወጠር ብቻ ከሆነ አትቁጠሪው፤ የጅማት ነው፣ ብዙ ሰው አለበት። ቀጥሎ 10 እርምጃ በተረከዙ፣ 10 እርምጃ በጣቶቹ ጫፍ ይራመድ። በተረከዙ ሲሄድ የግራው እግር ፊት ካልተነሣ ወይም አውራ ጣቱን ወደ ላይ ማቅናት ካቃተው አንደኛው ነርቭ ደክሟል፤ በጣቶቹ ጫፍ መቆም ካቃተው ደግሞ ከሱ በታች ያለው። ማመም አንድ ነገር ነው፣ መድከም ሌላ። ድካም ካያችሁ፣ በተለይ በየቀኑ የሚብስ ከሆነ፣ በዚሁ ሳምንት ሐኪም ይየው።

ድካም ከሌለ ኤምአርአይ ለጊዜው ይቆይ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ፎቶ ላይ እንኳ ያበጠ ዲስክ በብዛት ይታያል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል መኖሩ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አያረጋግጥም። ራጅ ደግሞ ዲስክን ጭራሽ አያሳይም። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ የወጣው ዲስክም ብዙ ጊዜ በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስድስት ሳምንት አልፎ ካልተሻለው ያኔ ኤምአርአዩ ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ባጃጁ። ወገብ ሲጎብጥ ዲስኩ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ኮብልስቶኑ ደግሞ ያንኑ ጫና ቀኑን ሙሉ ይነቀንቀዋል። ፎጣ ጠቅልሎ ከቀበቶው ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው የወገቡ ጎድጓዳ ላይ ያስደግፍ። የኋላ ኪሱ ውስጥ ቦርሳ ካለ ያውጣ፤ ዳሌን ያጣምማል። በየ45 ደቂቃው ወርዶ 2 ደቂቃ ይራመድ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ 5 ጊዜ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ ይለጠጥ፤ ይህን ሲያደርግ የእግሩ ሕመም ወደ ታች እየረዘመ ከሄደ ግን ይተወው። ጎማ ለመቀየር ባጃጁን በትከሻ ደግፎ ማጋደል ለጊዜው ለሌላ ሰው ይሁን። ታንኳ ቀዛፊውም፣ መረብ ጎታቹም፣ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብላ 60 እንጀራ የምትጋግረውም ችግራቸው ያው ነው፦ ጎብጦ መቆየት፣ በላዩም መጠምዘዝ።

መተኛት ከ1 ወይም ከ2 ቀን በላይ አይጠቅምም፣ ጡንቻው ይፈታል። ሲተኛ በጎኑ ሆኖ በጉልበቶቹ መሀል ትራስ ያድርግ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ከሌለበት አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ በቀን እስከ 3 ጊዜ ለጥቂት ቀናት መውሰድ ይችላል። ዲክሎፌናክ መርፌ የዚያው መድኃኒት ዘመድ ነው፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። «ጠንከር ያለ» እየተባለ የሚጨመረው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ኢንፌክሽንም ይሸፍናል።

ኢንፌክሽን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማታ ማታ ላብ፣ ቀላል ትኩሳት፣ ኪሎ መቀነስ፣ ተኝቶም የማይለቅ ሕመም ካለ የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት፤ ሳል ሳይኖርም ሊመጣ ይችላል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ብሩሴሎሲስም (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ኢንፌክሽን) እንዲሁ ወገብ ሊይዝ ይችላል። ጣና ውስጥ እየገባ ባጃጅ የሚያጥብ ወይም የሚዋኝ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር፤ ቢልሃርዝያ (ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል) አልፎ አልፎ ህብለ ሰረሰር ድረስ ገብቶ ወገብ ያሳምማል፣ እግር ያደክማል፣ ሽንት ያውካል። ከነዚህ የሚጠረጠር ካለ ወጌሻ ወገቡን እንዳያሽ፣ ማንም ጀርባው ላይ እንዳይቆም፤ የተበላ አጥንት በዚያ ሊሰበር ይችላል።

ሌላው መለያ ጠዋት ነው። ሲነሣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ድርቅ ካለ፣ ሲንቀሳቀስ እየተፍታታ ከሄደና ነገሩ ከ3 ወር በላይ ከቆየ በእሱ ዕድሜ የሚጀምር የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት አለ። የሱ ገና 3 ሳምንት ስለሆነ ለአሁኑ ወደዚያ አልሄድም።

የተረከዝና የጣት ጫፍ ሙከራውን ነገ አድርጉና የሆነውን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ሕመሙ እስከ አውራ ጣቱ ነው ወይስ እስከ ትንሿ ጣት የሚደርሰው የሚለውንም ጨምሪበት።