መልስ፦ የናይትረስ ኦክሳይድ መጠን በየዓመቱ ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው?

ጥያቄዎ «ልቀቱ ዓመቱን ሙሉ አያቋርጥም፤ ታዲያ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው የግሪንሃውስ ጋዝ በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ለምን ይቀንሳል?» የሚል ነው። የአፈርና የውቅያኖስ ልቀት በየወቅቱ መለዋወጡ ድርሻ አለው። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ከላይ የሚመጣውን ተጽዕኖ ነው፤ እኔ አጥብቄ የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

ይህን ጋዝ ከምድር አጠገብ የሚያጠፋው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ከ100 ዓመት በላይ የሚቆየውም ለዚህ ነው። የሚፈርሰው ስትራቶስፌር በሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ውስጥ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሲወጣ፣ በዋናነት በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። አየሩ በምድር ወገብ አካባቢ ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ ዋልታዎች ይጓዛል፣ እዚያም ይወርዳል። ቁልቁለቱ የሚበረታው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። ስለዚህ ጋዙ የተመናመነበት አየር በጸደይ (በሰሜኑ ከመጋቢት እስከ ግንቦት) ከታችኛው አየር ጋር ይቀላቀላል። እስከ መሬት ለመዳረስ ወራት ስለሚፈጅበት በሰሜን ንፍቀ ክበብ ዝቅተኛው መጠን የሚታየው ነሐሴ አካባቢ ነው።

ማስረጃው ምንድን ነው ቢሉ፣ ቀድሞ በማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይሠራበት የነበረውን ሲኤፍሲ 12 የተባለ ጋዝ ይመልከቱ። ሰው ሠራሽ ነው፤ አፈርም ባሕርም አያመነጨውም። ሆኖም እሱም በተቀራራቢ ጊዜ ዝቅ ይላል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የሚፈርሱበት ቦታ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ አሳማኝ ነገር የለም።

ለውጡ ግን ጥቃቅን ነው፦ ከአንድ ቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ከ330 በላይ የሚሆኑት የዚህ ጋዝ ናቸው፤ በወቅቱ የሚለዋወጠው ግን 1 ገደማ ብቻ ነው። መሣሪያው እጅግ ትክክለኛ ካልሆነ አይታይም። ኦዞን ላይ ውጤቱ ተቃራኒ ነው፤ ያው የሚወርደው አየር በታችኛው አየር ውስጥ ያለውን ኦዞን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።